የአባባ ቤልጅግ እንጨት

ወንድሜ ጠመንጃውን ያመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልሎ፣ ከኪልበርን በአውቶቡስ ነው። በሩን ስከፍትለት የመጋረጃ ዘንግ የገዛልኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን ሰሞን የመኝታ ቤቴ መጋረጃ አንድ ጎኑ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ኬንቲሽ ታውን ያለችው የካውንስል ቤቴ ጠባብ ስለሆነች ረጅም ዕቃ ይዞ የሚገባ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም አለበት። እሱም እንደዚያ አድርጎ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን መጻሕፍት ወደ ዳር ገፋ፣ የያዘውን አጋደመና ፌስታሉን ገለጠ።

መጫወቻ ነው። ቢቢ ጋን ይሉታል። የሚተፋው ትናንሽ የፕላስቲክ ኳስ ነው፤ መልኩ ግን ከእውነተኛው እንዳይለይ ተደርጎ የተሠራ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መሸጥ የሚያጠብቀው ሕግ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ፣ ከአንድ የገበያ ድንኳን ያገለገለ አግኝቶ ገዝቶታል። ብረቱ ደህና ነው፤ ክብደት አለው። እንጨት የሚመስለው ግን ቡናማ ፕላስቲክ ነው፤ የእንጨት ጅማት ታትሞበታል። በጥፍሬ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ ጆግ ጮኸ።

"ሰደፉን እንጨት አድርጊልኝ" አለ። "የአባባን ቤልጅግ አስመስይልኝ።"

አባታችን ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ሙት ዓመቱን ኬኒንግተን አካባቢ እድራችን በሚከራየው አዳራሽ ልናስብ ነው። በተወለድንበት የጎጃም ገጠር፣ ጠመንጃ የነበረው ሰው ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ልጁ ወይም ወንድሙ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞት እየዞረ ያለቅሳል፤ አልቃሿ የሟቹን ሥራ እየጠራች ታስለቅሳለች። ጠመንጃው ያልወጣለት ባለ ጠመንጃ በወጉ አልተለቀሰለትም።

የአባባ አልወጣም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወንድሜ ለተቃዋሚዎቹ ታዛቢ ሆኖ ጣቢያ ላይ ቆሞ ነበር። ከምርጫው በኋላ የመንግሥት ሰዎች ሲፈልጉት ተሰወረ፤ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ስንት አገር አቆራርጦ እዚህ ደረሰ። እሱን ያጡት ሰዎች ወደ አባባ ሄደው ጠመንጃህን አስረክብ አሉት። አስረከበ። ሳይመልሱለት ሞተ። በለቅሶው ቀን የአጎታችን ልጅ በጠመንጃው ፋንታ የአባባን ከዘራ ዘቅዝቆ እንደዞረ በስልክ ሲነግሩን፣ ወንድሜ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝና ወደ መስኮቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያች ቅዳሜ።

"በእኔ ምክንያት በከዘራ ተለቀሰ" አለኝ። "ሙት ዓመቱ ላይ ግን በከዘራ አይለቀስም፣ እታለም።"

ወደ እኔ የመጣው ሌላ ሰው ስለሌለው ብቻ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለንደን ውስጥ ነው። አገር ቤት እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ፣ ከዚያም ተዳርኩ፤ በኋላም በሰው ቤት ሠራተኝነት ተሻግሬ እዚህ ስቀር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተር የያዝኩት። አንዴ ከጀመርኩ ግን ማቆም አልቻልኩም። ያን ጊዜ ቀን ቀን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ፤ ከሥራ መልስ ኮሌጅ ገብቼ ያረጀ የቤት ዕቃ ማደስ እማራለሁ። ወንበር መገጣጠም፣ የድሮ ቀለም ማስለቀቅ፣ እንጨት የሚያብረቀርቀውን ጎማላካ መቀባት። ዕቃ ሲዛነፍ አልወድም። ወንድሜ "አንቺ ሚዛን ነሽ እንጂ ሰው አይደለሽም" ይለኝ ነበር፤ ሲፈልገኝ ደግሞ ያንኑ ሚዛንነቴን ነበር የሚፈልገው።

ፕላስቲኩን ቀለም ብቀባው ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል አልኩት። ስለዚህ እውነተኛ እንጨት ፈለግን። ያረጀ የወታደር ዕቃ ከሚሸጥ ሰው፣ ብረቱ የሌለበት የአሮጌ ጠመንጃ እንጨት ብቻውን ተገኘ። ዎልነት የሚሉት ዛፍ ነው፤ ከእኛ ዋንዛ ጠቆር ይላል። በላዩ የዘመናት ቅባትና እድፍ ከመጋገሩ የተነሳ እንጨትነቱ አይታይም ነበር። ቀለም ማስለቀቂያ ቀብቼ እድፉን ስጠርግ ከሰደፉ ግርጌ በሰንጢ የተቀረጹ ሁለት የላቲን ፊደሎች ብቅ አሉ። የአንድ ወታደር ስም መነሻ መሆን አለበት። በሞረድ ከማጥፋቴ በፊት እጄ ቆመ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ወንድሜ።

"የሰው ስም ነው።"

"የእሱን ስም ልጆቹ ይፈልጉለት። እኛ የራሳችን አለን።"

አጠፋሁት። ዱቄቱ ጣቶቼ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ።

የተሰረጎዱትን ቦታዎች እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ስተኩስ፣ የተጨፈለቀው እንጨት በእንፋሎቱ እየነፋ ይነሳል። ይህን ያስተማረችኝ የኮሌጁ አስተማሪዬ ናት። እንጨቱን ይዤላት ሄጄ ነበር፤ በፎጣ ብቻ ጠቅልዬ፣ ጫፉ እየታየ፣ ሰው በሞላበት አውቶቡስ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ብረት የሌለበት እንጨት የአልጋ እግር ይሁን የምን አይታወቅም። እሷም ከምን የወለቀ ነው ብላ ስትጠይቀኝ የአባቴ ነው አልኳት፤ ጨምራ አልጠየቀችም።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። የአባባ ቤልጅግ ቀጭኑ አንገቱ ላይ፣ እጅ በሚጨብጥበት፣ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነበር። እዚህ ላይ ተስማማን። እኔ ግን ስንጥቁ ከጠፍሩ አልፎ ወደ ሰደፉ እንደሚወርድ አስታውሳለሁ። ወንድሜ በፍጹም አይወርድም አለ።

"ተሸክሜዋለሁ እኮ" አለ። "አንቺ ነክተሽው ታውቂያለሽ?"

አልነካሁትም። ሴት ልጅ አትነካውም ነበር። ግን አባባ ጠመንጃውን በማንገቻው ከግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ከሥሩ ነው እሳቱ የሚነደው፣ ከሥሩ ነው እኔ ጥጥ የምፈትለው፣ የምቀመጠው፣ የምቆጣው። ልጅነቴን በሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። በወረቀት ላይ ሣልኩለት፤ ማቀባበያው፣ የስንጥቁ መስመር፣ ከሰደፉ ጫፍ የጎደለችው ስንጥር። ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየና ድምፁ ወረደ።

"ይሄ የቀኙ ነው" አለ።

የሰቀሉት ጠመንጃ አንዱ ገጹ ብቻ ነው ወደ ቤቱ የሚዞረው። እኔ የቀኙን ነበር የማውቀው። እሱ ደግሞ ተሸክሞ ሲያነጣጥር ጉንጩ የሚያርፍበትን፣ የግራውን። ስንጥቁ በቀኝ በኩል ብቻ ነበር የሚወርደው። በግራው በኩል ደግሞ እኔ ዕድሜዬን ያላየሁት የተቃጠለ ቦታ አለ፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ጥቁር። እንዴት እንደተቃጠለ ጠየቅኩት። አልነገረኝም። ቦታውን ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሰጠኝ፤ ብረት አግዬ እዚያው ላይ አሳረፍኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። መስኮት ልከፍት ስነሳ፣ ተይው አለኝ።

ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ማግባባት ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ሆነ። የመጫወቻው ብረት ከእውነተኛው ወፈር ስለሚል እንጨቱ ውስጥ ያለው ቦይ አልበቃውም። የት ጋ እንደሚይዘው ለማወቅ ብረቱን የሚያትም ነገር መቀባት፣ ቦዩ ውስጥ መጫን፣ ማንሳት፣ ያተመበትን ቦታ ብቻ በመሮ መፋቅ ነው። ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራ ሴት ለገና የሰጠችኝ ቀይ ሊፕስቲክ ነበር፤ ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም። እሱን ቀባሁት። ብረቱን በተጫንኩትና ባነሳሁት ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ቀይ ይቀራል፤ ቀዩን እፍቃለሁ፤ መልሼ እቀባለሁ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

"ሠርግሽ ቀን እንኳ ያልተቀባሽውን" አለ።

"ሠርጌ ቀን ማን ጠየቀኝና።"

ወደ መሮዬ ተመለስኩ። ያን ሰሞን እንዲህ ነበር የምንነጋገረው፤ አንድ ነገር ከተባለ በኋላ ከመንገዱ የአውቶቡስ ድምፅ ብቻ።

የስደት ጉዳዩ አልተወሰነም ነበር። ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ኪልበርን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። ጠበቃው ምንም ነገር ውስጥ እንዳትገባ ብሎታል። ፖሊስ ጣቢያ ስምህ አንዴ ከተጻፈ አበቃልህ ማለት ነው። ይህን እየነገረኝ ነው ጠመንጃው ጠረጴዛዬ ላይ የሚውለው። እኔም መጋረጃዬን ጠግኜ ዘጋሁ።

ጠፍር ፍለጋ ሥጋ ቤቶችን ዞርኩ። ቆዳው ከእነሱ ዘንድ አይደርስም፤ ሳቁብኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት የቤት እንስሳ ምግብ ከሚሸጡበት ሱቅ ነው። ውሻ የሚያኝከው፣ በአጥንት ቅርጽ የተቋጠረ ደረቅ ቆዳ። ውሃ ውስጥ ሳሳድረው ተፈትቶ ሰፊ ነጭ ቆዳ ሆነ። ቀጭን አድርጌ ስሸነሽነው ወንድሜ መጣ።

"ምንድን ነው?"

"የበሬ ቆዳ።"

"ለምን የሚሸጥ?"

መሸንሸኔን ቀጠልኩ።

"እታለም፣ ለማን ነው የሚሸጠው?"

"ለውሻ።"

ቆሞ አየኝ። "አባባን በውሻ እራት ልትጠግኚው ነው።"

"በሬው እኮ አያውቅም ለማን እንደሚሸጥ" አልኩት። ያን ጊዜ ሳቀ፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን አዞረ።

ከማሰሬ በፊት ግን እንጨቱ መሰንጠቅ ነበረበት። ከሥሩ ስንጥቅ የሌለው ጠፍር ጌጥ ነው፤ የአባባ ጠፍር ጌጥ አልነበረም። ያን ሁሉ ቅዳሜ የደከምኩበትን እንጨት በጨርቅ ሸፍኜ ሞርሳ በሚሉት መቆንጠጫ አጥብቄ፣ አንገቱ ላይ ቀጭን መሮ አስቀምጬ በመዶሻ መታሁ። ወንድሜ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሁለተኛው ምት ላይ እንጨቱ ጮኸ፤ ስንጥቁ በቀኙ ገጽ ወረደ፣ ከሣልኩት ትንሽ ረዘም ብሎ። ኮላ አስገብቼ አጣበቅኩት፤ በእርጥቡ ጠፍር አጥብቄ ጠመጠምኩት። በማግሥቱ ቆዳው ደርቆ፣ አጥብቆ ይዞ፣ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር። ቀለሙን በወፍራም ሻይ አጠቆርኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ የተልባ ዘይት ደጋግሜ በመዳፌ አሸሁት። የአባባን ያጠቆረው ቅቤና ላብ ነው። ያን ማምጣት አልችልም።

ብረቱንና እንጨቱን በሁለቱ ብሎኖች አጥብቄ የሰጠሁት ቀን፣ ትከሻው ላይ አስደግፎ ጉንጩን አሳረፈ። አውራ ጣቱ ሳያይ የተቃጠለችውን ቦታ አገኛት።

"ነው" አለ።

ሙት ዓመቱ ቀን በጋቢ ጠቅልለን፣ ለመጋረጃ ዘንግ በሚሆን ረጅም ቦርሳ አድርገን ከኬንቲሽ ታውን በባቡር ወረድን። ወንድሜ ቦርሳውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ይዞታል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ማን እንደገባ ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ። እሱ ቢያዝ ስለ ጠመንጃው ምን ብዬ ለማን እንደማስረዳ በሐሳቤ በእንግሊዝኛ እደረድር ነበር። አንዱም ዓረፍተ ነገር አልቀና አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ወጣቶች፤ ጠረጴዛው ላይ የአባባ ፎቶ ከጧፍ ጋር። አልቃሿ የእኛው አካባቢ ሴት ናት፤ እዚህ ሆስፒታል በፅዳት ትሠራለች። ወንድሜ ቦርሳውን ከፍቶ ጋቢውን ሊገልጥ ሲል የእድሩ ሰብሳቢ አዩት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት፤ እኔም ተከተልኩ።

"ልጄ፣ ይሄ መስኮት በቀጥታ ስትሪቱን ነው የሚያየው" አሉት ቀስ ብለው። "አንድ ሰው አይቶ ፖሊስ ኮል ያደርጋል። የሚመጡት ደግሞ መጫወቻ ነው ወይ ብለው አይጠይቁም። እዚህ ውስጥ ወረቀት የሌለው ስንት ሰው አለ። ያንተም ጉዳይ ገና ነው።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ አባት ሲሞቱ ጠመንጃቸው ወጥቷል?"

"ወጥቷል" አሉ።

"እንግዲያውስ እርስዎ አይንገሩኝ።"

ጋሼ ክንዱን አልለቀቁም። ወንድሜ ጋቢውን አጥብቆ ይዟል። ሰዎች ወደ እኛ መዞር ጀመሩ። የሚያደርገውን አውቅ ነበር፤ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ተቀብሎ ያወጣዋል።

ብሎኖቹ በመንገድ ላይ ቢላሉ ብዬ ካቻቪቴዬን ይዤ መጥቼ ነበር። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

"ስጠኝ" አልኩት።

ዓይኔን አየና ሰጠኝ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ፣ ከሰሃኖቹ መሃል፣ ጠመንጃውን ገልብጬ ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁ። ብረቱ እየተንሸራተተ ወጣ። ጋቢው ውስጥ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁት። እንጨቱን ብቻውን ይዤ ወጣሁና ለጋሼ አሳየኋቸው።

"ይሄ ጠመንጃ አይደለም" አልኳቸው። "እንጨት ነው።"

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወንድሜ ተቀበለኝ። አገላብጦ ሲያየው ነው እኔም ያስተዋልኩት፤ ባዶው ቦይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ብረት ይሸፍነዋል፣ ማን ያየዋል ብዬ ሊፕስቲኩን ሳልጠርገው ቀርቻለሁ። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ከወንበር እግር ሥር ያለውን የማይታይ አቧራ የምጠርገው። አልቃሿ ቀዩን አይታ ክው አለች፤ ምን እንደመሰላት አልጠየቅኳትም። ከዚያ አባባን እየጠራች ጀመረች፦ ቤቱን፣ በሬዎቹን፣ የተሻገረውን ወንዝ። ወንድሜ አፈሙዝ የሌለውን እንጨት ወደ መሬት ዘቅዝቆ መዞር ጀመረ። ሴቶቹ ተነሡ። ግማሽ ዙር ያህል እንደሄደ እግሩ ቆመ። እንጨቱን በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ አደረገው፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመዝን ሰው። ከዚያ ተመልሶ ፎቶው አጠገብ አጋደመውና ከጎኔ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ሐዘን ያቆመው መስሎታል። እሱ ግን ጆሮዬ ላይ ነግሮኛል።

"ቀለለ" አለኝ። "አልቻልኩም። ቀለለብኝ።"

ለቅሶው ያለ እሱ ቀጠለ። ጋሼ መጥተው ትከሻውን ነካ አድርገው አለፉ።

ስንመለስ ብረቱን በጋቢው እንደተጠቀለለ በቦርሳው እሱ ያዘ፣ እንጨቱን እኔ። ይህን ተመካክረን አይደለም፤ ስንነሳ በየእጃችን የተገኘው ያ ነበር። ዋተርሉ ላይ መስመር ሊቀይር ወረደ። በሩ ሲዘጋ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው፣ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር።

በኋላ የመኖሪያ ወረቀቱን አገኘ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራ ያዘ፤ በበዓል በበዓል ይደውላል። ብረቱ አልጋው ሥር እንዳለ አንድ ጊዜ በጨዋታ መሃል ነግሮኛል። እንጨቱ ከሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። የማላውቀውን ገጽ፣ የተቃጠለበትን፣ ወደ ቤቱ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። ሌላውንማ አይቼዋለሁ።

ከሥሩ ማሞቂያው አለ። ክረምት መጥቶ ማሞቂያው በነደደ ቁጥር እንጨት ይደርቃል፣ ይጠባል፤ ሳልሞክረው አውቃለሁ፣ ቦዩ ያንን ብረት አሁን አይቀበለውም። ይዞት ቢመጣ እንደገና መቀባት፣ መጫን፣ ማንሳት፣ ቀዩን መፋቅ ይኖርብኛል። ሊፕስቲኩ ገና አላለቀም፤ መሳቢያ ውስጥ ከካቻቪቴው ጋር ነው። ብረቱን እሱ አላመጣውም። እኔም አምጣው አላልኩትም።